ዜማና ሞገድ፤ የሃይማኖት ቃል በደሴና በኮምቦልቻ ከሐድራ እስከ ቴሌቪዥን ጣቢያ

የሃይማኖት ትምህርት በቴሌቪዥን መተላለፉ በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከመሣሪያው መግባት ብቻ አንሥቶ የሚጽፍ ሰው የነገሩን ግማሽ ይተዋል። በደቡብ ወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው አገር፣ የሃይማኖት ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ፣ ዜማ ለብሶ፣ ማንበብ ወደማይችለው ሰው ጆሮ የሚደርስበት ሥርዓት ራዲዮ ከመምጣቱ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። ይህ ሥርዓት አውራጅ ነበረው፤ ተቀባይ ነበረው፤ የታወቀ ቀንና ሰዓት ነበረው፤ ወጪውንም የሚችልለት ሕዝብ ነበረው። የቴሌቪዥን ጣቢያ ከእነዚህ ከአራቱ የወሰደውም የተወውም አለ። የወሰደው ብዙ ጊዜ ተነግሮለታል፤ የተወው ግን እምብዛም አልተመረመረም።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ ማሰብ ይገባል። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ዙሪያዋን በተራራና በገደል ተከባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ጠመዝማዛው መንገድ ቁልቁል ወርዶ በሚደርስበት ሜዳ ላይ ትገኛለች፤ የሁለቱም ከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። እንዲህ ባለ አገር ድምፅ በቀጥታ አይሄድም። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ከተራራው ጋር ተላግቶ ይመለሳል፤ በመካከሉ ያለው ሰውም፣ የማንኛውም ሃይማኖት ተከታይ ቢሆን፣ ሁለቱንም ሳይሰማ አይውልም። የደሴ ልጅ ረመዳን መግባቱን ለማወቅ ሙስሊም መሆን፣ ፍልሰታ መግባቷን ለማወቅም ክርስቲያን መሆን አያስፈልገውም። ጆሮው ይነግረዋል። ይህ የጋራ መስማት ለወሎ ሕዝብ አብሮ መኖር ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል ብዙም ያልተጠቀሰ፣ ነገር ግን ቀላል የማይባል ነው።

አብሮ መኖሩ ግን ሁልጊዜ ያለ ጭንቅ የመጣ አልነበረም። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢነት የተደረገው ጉባኤ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ለተዋሕዶ ፈርዶ ከዘጋ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ መካከል ኢማም መሐመድ ዓሊ ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበንም በንጉሥ ምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሚካኤል በኋላ ራስ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሆነው ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጉ። ከተማይቱም ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዮሐንስ በዚያ ሰፍረው ሳለ በ1875 ዓ.ም. ግድም የታየውን ጅራታም ኮከብ አይተው «ደሴ» ብለው ስላወጡላት ነው ተብሎ ይነገራል።

በዚያ ዘመን ትእዛዙን ካልተቀበሉት ዑለማ አንዱ ሼህ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ነበሩ። እርሳቸውን ለዚህ ጉዳይ አስፈላጊ የሚያደርጋቸው መቃወማቸው ብቻ ሳይሆን መልእክታቸውን ያስተላለፉበት መንገድ ነው። ምሁሩ ለምሁሩ ሲጽፍ ቋንቋው ዐረብኛ ነው፤ ይህን የሚያነብ ግን በወሎ ገጠር ከሺሕ አንድ አይገኝም። ሼህ ጦልሐ ግን በዐማርኛ ገጠሙ። ግጥሙ በዐረብኛ ፊደል ተጻፈ፤ ይህም አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። እንደ ቸ፣ እንደ ኘ፣ እንደ ጨ ላሉት ድምፆች የዐረብኛ ፊደል የተለየ ምልክት ስለሌለው፣ ጸሐፍቱ በነባሩ ፊደል ላይ ነጥብ እየጨመሩ ችግሩን አቃለሉት። በሌላ አነጋገር የወሎ ሊቃውንት ለገዛ ቋንቋቸው የሚስማማ መሣሪያ ከውጭ ወስደው አበጅተዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ በካሴትና በካሜራ የሆነው ነገር ከዚህ እምብዛም አይለይም።

መንዙማ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የተደረደረ፣ በግጥም የተሰካካ ማለት ነው። በወሎ መንዙማ ከሼህ ጦልሐ በፊትም ነበረ። በአልቡኮ የሚገኘው ጀማ ንጉሥ፣ ሼህ መሐመድ ሻፊ በ18ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ ያስተምሩበት የነበረው ስፍራ፣ የነቢዩን ልደት መውሊድን በአደባባይ በማክበር የታወቀ ነው። በኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለው የሰይድ ቡሽራ ጌታም እንዲሁ የዚያራና የትምህርት ማዕከል ሆኖ ኖሯል። በእነዚህ ስፍራዎች ደረሳው ዐረብኛ ሰዋስውና ፊቅህ ሲማር፣ ገበሬውና ነጋዴው፣ ሴቱና ሽማግሌው ደግሞ ሐድራ ላይ ተቀምጦ መንዙማ ይሰማ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቦታ ለሁለት ዓይነት ተማሪ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

የሐድራው ሥርዓት ቀላል ይመስላል እንጂ የተሰናዳ ነው። እጣን ይጨሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ጫት ይዘረጋል፤ የቤቱ ትልቅ ሰው ዱዓ ያደርጋል፤ ተሰብሳቢውም «አሚን» ይላል። ከዚያ በኋላ አውራጁ አዝማቹን ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ድቤው ይመታል፤ ጭብጨባው ይከተላል። አውራጁ ስንኙን እያረዘመ ወይም እያሳጠረ የሚሄደው በተቀባዩ ስሜት ነው፤ ተቀባዩ ሲሞቅ አንዱን ቤት ይደግመዋል፤ ሲደክም ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራል። በደጅ የታመመ ካለ ስሙ በዱዓው መካከል ይነሣል፤ የተጣላ ካለም እርቁ በዚያው ይፈጸማል። ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ስብሰባም ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ መንዙማ አንድ ሰው ለብዙ ሰው የሚያሰማው ድምፅ አይደለም፤ ብዙ ሰው አብሮ የሚሠራው ነገር ነው እንጂ። ይህ ነጥብ በኋላ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲመጣ የሚነሣውን ጥያቄ ሁሉ በውስጡ ይዟል።

በክርስቲያኑ ወገን ያለው ታሪክ ከዚህ የቆየ ቢሆንም በመጻሕፍት በሰፊው ስለ ተነገረለት እዚህ ላይ ማስረዘም አያስፈልግም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕት ዓመት ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ማርያም ደብር ሁለቱም ከደሴ ሩቅ አይደሉም። በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ያስተምሩ የነበሩት መምህር አካለ ወልድ ከመላው አገር ደቀ መዛሙርትን ይስቡ ነበር፤ በደሴ ከተማ ያለ ትምህርት ቤትም በስማቸው ተሰይሟል። ቅዳሴው በግእዝ ሲሆን ትርጓሜውና ስብከቱ በዐማርኛ ነው፤ በማኅበርና በሰንበቴ የሚነገረው ታምርና ገድልም እንደዚሁ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ በወሎ የጽዋ ማኅበሩ ዕለት ጎረቤቱ ሙስሊም ለቡናው ተጠርቶ ሲመጣ፣ በመውሊድም ክርስቲያኑ ሲጋበዝ፣ አንዱ የሌላውን ዜማ ያለ ፈቃዱ እንኳ በቃሉ ያውቀው እንደ ነበር ነው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ሁሉንም ሳይጸየፍ ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። በጥምቀት ሥልጣን የያዘ ሰው አዳራሹን በዚህ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ይህን ሁሉ ድምፅ የሚመግበው ማን ነበር? የንግድ ነገር በዚህ ውስጥ አልነበረም። ሼሁ መንዙማውን አይሸጥም፤ ደብተራውም ማሕሌቱን በሰዓት አስልቶ አያከራይም። ሰው በሽታው ሲድን ወይም ልጅ ሲያገኝ የተሳለውን በሬ ወይም ቡና ያመጣል፤ ሀብታሙ ሰደቃ ያወጣል፤ ደረሳውን የመንደሩ ሰው ተካፍሎ ያበላዋል፤ ሰንበቴውን ተረኛው ይደግሳል። ወጪው በተራ የሚዞር በመሆኑ ማንም ብቻውን የድምፁ ባለቤት አይሆንም። ስለ «ለትርፍ ያልቆመ ጣቢያ» የሚናገሩ የዛሬ ሕጎች ሊደነግጉት የሚደክሙበትን ነገር የወሎ ሐድራና ሰንበቴ በልማድ ብቻ አጽንተውት ነበር።

የሃይማኖት ቃል በሞገድ መላክ የጀመረው በውጭ አገር ነው። የቫቲካን ራዲዮ በማርኮኒ እጅ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በአፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1954 በላይቤሪያ ተመሳሳይ ጣቢያ ተቋቋመ። ለኢትዮጵያ ግን አንድ እንቅፋት ነበር። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፍሎ፣ ሚሲዮናውያን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች በሚበዙበት ክፍል እንዳይሰብኩ፣ በሌላው ክፍል ብቻ እንዲሠሩ አዝዞ ነበር። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ሰባኪ ነው። ሞገድ ግን ድንበር አያውቅም።

የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በ1952 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ራዲዮ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ። ማሠራጫው በአዲስ አበባ አቅራቢያ በጌጃ ዴራ የተተከለ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ መሣሪያዎች ያሉት ሲሆን፣ ድምፁ ከዐማርኛ በቀር በብዙ የአፍሪካና የእስያ ቋንቋዎች ይተላለፍ ነበር። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር ላይ ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም። ስለዚህ ጦሳ የማይመልሰው የመጀመሪያው የሃይማኖት ድምፅ ይህ ነበር ማለት ይቻላል። የትራንዚስተር ራዲዮ በ1950ዎቹ በገበያ እየተበራከተ መምጣቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሌለው ቤት እንኳ እንዲሰማው አስቻለ።

ጣቢያው ከሰዓቱ ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን ለስብከት፣ ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤናና ለቤተ ሰብ ጉዳይ ይሰጥ ነበር። ይህ አከፋፈል ጥበብ ያለበት ነው፤ አድማጩ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንም ለዜናው ሲል ጣቢያውን አይዘጋውም፤ ዜናው ሲያልቅ የሚመጣውንም ስብከት ወደደም ጠላም ይሰማል። በዚህ በኩል ብሥራተ ወንጌል ከወሎ የጋራ መስማት ልማድ የራቀ አልነበረም። ማስታወቂያ አይሸጥም ነበር፤ የሚተዳደረው ከውጭ አብያተ ክርስቲያናት በሚመጣ እርዳታ ነው። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነበር፤ የሰንበቴው ወጪ ከአድማጩ ከራሱ እጅ ሲወጣ የዚህ ጣቢያ ምግብ ግን ከባሕር ማዶ ስለ ነበረ፣ ችግር በመጣ ጊዜ በአገር ውስጥ የእኔ ነው ብሎ የሚቆምለት ሕዝብ አላበጀም። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወርሶ ስሙን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ብሎ ለወጠው። የ14 ዓመት ሥራ በአንድ ቀን ቆመ፤ የትላንቱ የስብከት መሣሪያም በማግስቱ የአብዮት መፈክር ማሰሚያ ሆነ።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተመረቀው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በተሰናዳ ስቱዲዮ ነው። ሥርጭቱ በመጀመሪያ ከዋና ከተማው ዙሪያ አያልፍም ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚሄድ በመሆኑ፣ እንደ ደሴ ያለ በተራራ የተከበበ ከተማ እንዲያየው በከፍታ ላይ ማቀባበያ መትከል ግድ ነው፤ ለደሴ የተተከለውም በቆላ ላለችው ለኮምቦልቻ ሁልጊዜ አይበቃም። ይህ ወጪ በመንግሥት አቅም እንጂ በአንድ ደብር ወይም በአንድ ጀመዓ አቅም የሚሞከር አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ ምስሉ በቀለም መታየት ጀመረ፤ ሃይማኖት ግን በመስኮቱ ላይ የሚታየው በበዓል ቀን ብቻ ነበር።

የበዓሉም ነገር ታሪክ አለው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ በኋላ ዒድ አል ፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ቀናት መንዙማ በመንግሥት ማሠራጫ መሰማቱ አልቀረም። ከዚያም ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሼህ ሰይድ መሐመድ ሳዲቅና ሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት ቁርአን በዐማርኛ ታትሞ ነበር። ከቦሩ ሜዳ 90 ዓመት ያህል በኋላ የእስልምና ቃል በዐማርኛ፣ በሳባ ፊደልና በመንግሥት ፈቃድ ወጣ ማለት ነው፤ የዐጀሚ ጸሐፍት በጓዳ የጀመሩት ሥራ በአደባባይ የተፈጸመ ያህል ነበር።

በራዲዮና በቴሌቪዥን መካከል ግን አንድ ትንሽ መሣሪያ ከሁለቱም የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ይህም ካሴት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንደ ሼህ መሐመድ አወል ያሉ የወሎ ድምፆች በካሴት ተቀርጸው ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከመኪና ወደ መኪና ተዘዋወሩ። የኦርቶዶክስ መዝሙርና ስብከት፣ የወንጌላውያን መዝሙርም እንዲሁ። ካሴት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማማም አይፈልግም። ነገር ግን የራሱን ሕግ ይዞ መጣ። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጹ 30፣ ባለ 90ው 45 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሐድራ ላይ ሌሊቱን ሲረዝምና ሲያጥር ያድር የነበረው መንዙማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆረጠ ርዝመት ተሰጠው። አውራጁም ፊቱን ከተቀባዩ ወደ ማይክራፎን አዞረ። የሚቀበሉት ሰዎች የተመረጡና የተለማመዱ ሆኑ፤ የመንደሩ ሕዝብ ግን ከተቀባይነት ወደ አድማጭነት ወረደ። ብዙ ሰዎች ይህን ለውጥ የሚያሳብቡት በቴሌቪዥን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቴሌቪዥን ያለቀለትን ነገር ነው የተቀበለው።

የቴሌቪዥን ጣቢያ ለሃይማኖት ተቋም እንዳይፈቀድ ያደረገው የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን ሕጉም ነበር። የ1991 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ፣ ከእርሱም በኋላ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533፣ ለሃይማኖት ድርጅት የማሠራጫ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። የኋለኛው አዋጅ ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፍሏል። ሰንበቴንና ሐድራን የሚያውቅ ሰው ከሦስቱ ለእነርሱ የሚቀርበው የማኅበረሰብ የተባለው ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም፤ አንድ መንደር አዋጥቶ የሚያቆመው፣ ትርፍ የማይፈልግ፣ ለራሱ የሚናገር ድምፅ ነውና። ሕጉ ግን ይህን በር ለሃይማኖት አልከፈተም። በሌላ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። በአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. 242 የቴሌቪዥን መሥመሮችን ለንግድ እንዳይውሉ ለትምህርት ሲለይ፣ የሃይማኖት ሰዎችም ጊዜ ሳይቆይ የየከተማቸውን አነስተኛ ጣቢያዎች እየያዙ ሥራ ጀመሩ። በዚያ አገር የአጥቢያ የሃይማኖት ጣቢያ ማለት የአንድ ከተማ ጣቢያ ማለት ነው። በደሴ ግን በእነዚህ አዋጆች ዘመን እንዲህ ያለ የአጥቢያ ጣቢያ በሕግ ሊቋቋም የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

የተከለከለውም ነገር በሌላ በር ገባ። ጣቢያዎቹ በውጭ አገር ተመዝግበው በሳተላይት ወደ ኢትዮጵያ መላክ ጀመሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራስዋን ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ጀመረች፤ በእስልምናው ወገን አፍሪካ፣ ነሲሓ፣ ዛውያና ሚንበር የተባሉት ታወቁ፤ የወንጌላውያኑም ጣቢያዎች ቁጥራቸው ብዙ ሆነ። የተራራው ችግር በአንድ ጊዜ ቀረ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቆም ጦሳም ሆነ የኮምቦልቻ ቁልቁለት አይጋርደውም፤ ጣራው ላይ ሳሕን የሰቀለ ሁሉ እኩል ያያል። አስቀድሞ ሳሕኑ ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት አዘንብሎ ይተከል ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወደሚቆመው ኢትዮሳት ስለ ተዛወሩ፣ ባለቤቱ መሰላል አስደግፎ ሳሕኑን ወደ ምሥራቅ ማዞር ነበረበት። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ ለሃይማኖት ተቋማት ተዘግቶ የቆየውን የፈቃድ በር ከእነ ቅድመ ሁኔታው ከፈተ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በሦስት ወገን የሚታይ ነው፤ ሁሉም ግን እኩል ክብደት የለውም።

ቀላሉ የዜማው ለውጥ ነው። በአንዳንድ መምህራን ዘንድ ድቤው፣ ጫቱና የወሊዮች ምስጋና የሚነቀፉ በመሆናቸው፣ በአንዱ ጣቢያ መንዙማው ከእነ ሙሉ ወጉ ሲታይ፣ በሌላው ድቤ የሌለው ነሺዳ ይሰማል። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ በየመድረሳው ሲደረግ የኖረ ነው። አዲሱ ነገር ቀድሞ በሁለት ሼሆች መካከል በኪታብ ይደረግ የነበረው ሙግት አሁን በቁልፍ የሚዘጋና የሚከፈት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ስለ ባለቤትነት ነው። በእነዚህ ጣቢያዎች ላይ የሚሰማው ድምፅ፣ በተለይ በመንዙማ በኩል፣ አብዛኛው የወሎ ድምፅ ነው፤ የወሎ አነጋገር፣ የወሎ ዜማ፣ የወሎ ሼሆች ስም። ስቱዲዮው ግን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ነው። ወጪውንም በብዛት የሚሸፍነው በስልክና በባንክ በኩል ከሩቅ የሚያዋጣ ምእመን ነው። ይህ ለወሎ ክብር ቢሆንም፣ ቃሉ በተወለደበት መንደር ተራ የሚደርሰው ደጋሽ የለም። ስለዚህ የብሥራተ ወንጌል ድክመት በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አዋጪው ከአድማጩ ርቋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። ድምፅ ማጉያ ለሁሉ ነው፤ ሳሕን ግን ለአንድ ቤት ነው። በአዛንና በደወል የሚተዳደረው አየር የጋራ ሲሆን፣ ቤተ ሰቡ በመስኮቱ ፊት ሲቀመጥ የራሱን ጣቢያ ብቻ መርጦ ያያል። የጎረቤቱን ስብከት የሚሰማበት ምክንያት የለም፤ ቢሰማም ለእርሱ ተብሎ ያልተነገረ፣ ምናልባትም ስለ እርሱ በክፉ የተነገረ ይሆናል። በሐድራና በሰንበቴ የሚናገር ሰው ከደጁ የሌላ ሃይማኖት ጎረቤት ቡና ይዞ መቀመጡን ያውቃል፤ ቃሉንም በዚያው ልክ ይመዝናል። በስቱዲዮ ያለ ሰባኪ ግን ያን ጎረቤት አያይም። በወሎ የሃይማኖት ክርክር ለዘመናት ጨዋነት ጠብቆ የኖረው በሕዝቡ ጠባይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ የመስሚያው ሥርዓት የተናጋሪውን አንደበት ይገታ እንደ ነበረ ግን አያስቡም።

በእርግጥ ለዚህ ተቃራኒ ማስረጃ የሚሆን ነገር አለ። አባትየው አሕመድ፣ ልጅየው ገብረ ሥላሴ የሆነበት ቤት በወሎ እንግዳ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። በዐቢይ ጾም ሰሞን እናቲቱ ቅዳሴ፣ በረመዳን ምሽት አጎትየው ተራዊሕ ሲያዩ፣ ልጆቹ ሁለቱንም ከማየት አያመልጡም። እዚህ ላይ መሣሪያው የድሮውን የጋራ መስማት በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦታል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ስልክ በየእጁ በገባበት ጊዜ ይህም ቤት ተከፋፍሎ እየሰማ ነው፤ አንዱ መስኮት አምስት ሆኗል።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ እስከ ኅዳር 27 ቀንም መብራትና ስልክ ተቋርጦ ስለ ነበረ ሳሕኖቹ ሁሉ ደንቆሮ ሆነው ሰነበቱ። አዛንና ደወል ግን ኤሌክትሪክ የሚጠይቁት ለማጉላት ብቻ ነው።

ይህን ጉዳይ ለሚያጠና ተማሪ የሚቀረው ሥራ ብዙ ነው። የዐጀሚ ጽሑፎች ተሰብስበው ከጣቢያዎቹ ቅጂ ጋር ሊመሳከሩ ይገባል፤ የትኛው ስንኝ እንደ ተቆረጠ፣ የትኛው ስም እንደ ተተወ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። መቅጃ ይዞ ወደ ሐድራ የሚሄድ ሰውም መሣሪያውን ወደ አውራጁ ብቻ ማዞር የለበትም። የቴሌቪዥን ጣቢያ ድምፅ እንዲጠራ ሲል ከተቀባዩ ሕዝብ የሚመጣውን ሳል፣ «አሚን»ታ፣ የሲኒ ኳኳታና የተሳሳተ ጭብጨባ ያወጣዋል፤ ለጥናት ግን ዋናው ሰነድ ይህ የወጣው ነው። ሁለተኛ መቅጃ ቢገኝ ቦታው ከበሩ አጠገብ፣ ሴቶቹና ጎረቤቶቹ በሚቀመጡበት በኩል ነው።